የዋርካው ገበያ ወፍ

አያ አዛናውን ወፍ አድርገው የመረጧቸው ብዙ ስለማይናገሩ ነው። የወፍ ሥራ ግን መናገር ነው። ይህን በጊዜው ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አላሰቡትም።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር ዋርካው ገበያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ። ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የእጅ ቦምብ ወረወረ። በርበሬ የምትሸጠው በለጠች ከመደቧ ሳትነሣ ቀረች። የቆሰሉት በሚኒባስ ተጭነው ወደ ቡሬ ሄዱ። የወረወረው ሰው ከሚሮጠው ሕዝብ ጋር አብሮ ሮጠ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

በማግሥቱ በለጠችን ቀበሯት። በሣልስቷ ስለ ጸጥታ ስብሰባ ተጠራ። ወደ ስብሰባው የመጣው ሰው ወደ ቀብሩ ከሄደው ይበልጥ ነበር። የቀረ ሰው ይጠረጠራል ተብሏልና።

ወረዳው የጸጥታ ኃላፊውን አቶ ምሥጋናን ላከ። ምሥጋና ወጣት ነው፤ ለአገሩም እንግዳ ነው። ዋርካው ሥር ጠረጴዛ አስዘረጋ፣ ድምፅ ማጉያ አስተከለ፣ በስልክ የሚቀርጽለት ልጅ ፊት ለፊቱ አቆመ። «ሕዝቡ የጸጥታው ባለቤት ነው» አለ። «ሐሳባችሁን በነጻነት ስጡ። ንግግሩ በቀጥታ ይተላለፋል።»

ሰው ይህን ሲሰማ ለጊዜው ነጻነቱ ቀረበት። ኋላ ግን አንድ እህል ነጋዴ ተነሣ።

«ጋቢ ይከልከል» አለ። «ቦምብ የሚደበቀው ጋቢ ሥር ነው።»

«ብርዱንስ ምን እናርገው?» አሉ ከኋላ።

«ብርድ ሰው አይገድልም።»

«አንተማ ኮት አለህ!»

ሌላው ካሜራ ይተከል አለ። ሕዝቡ በሙሉ ቀና ብሎ የመብራት ምሰሶውን አየ። በዋርካው ገበያ መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሳይታሰብ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። በለጠች አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጠው ንግሥቴ «አሸባሪውን መብራት ባለ ቀን ና በሉታ» አለች። ሰው ሳቀ። ምሥጋናም ካሜራውን ጻፈ።

ወታደር ይጨመር ያለ ነበረ። ያሉትም ይቀነሱ ያለ ነበረ፤ ይኸኛው ግን ተናግሮ ሲያበቃ ከፊት ወንበሩ ተነሥቶ ሄዶ ኋላ ተቀመጠ። አንዱ ደግሞ «ፈታሹንስ ማን ይፈትሸዋል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው አልተጻፈም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢሆነኝ ሁሉን ሰምቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንደሚመስለኝ ገበያው ጭራሹን ይዘጋ። ሰው ካልተሰበሰበ የሚሞት ሰው የለም።»

«እኛስ ምን እንብላ?» አለች ንግሥቴ።

«እሱ በሁለተኛው አጀንዳ ይታያል።»

አያ አዛናው ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ሰው ሲናገር አፉን ሳይሆን እጁን የማየት ልማድ አላቸው። ያን ቀን ያዩት የአንድ ሰው እጅ ነበር። የገበያው በር ጠባቂ ሚሊሻ መልካሙ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ አንዱም ጋ ሊያሳርፈው አልቻለም።

ምክንያቱን ይጠረጥራሉ። በቦምቡ ነገር አንድ ሰው ታስሯል፤ እሱም ምናለ የሚባል ጋሪ ነጂ፣ የእማዋይሽ ልጅ፣ የእሳቸው የክርስትና ልጅ ነው። ያሳሰረውም መሮጡ ነው። ሰው ሁሉ የሮጠው ቦምቡ ከፈነዳ በኋላ ሲሆን ምናለ ግን ሳይፈነዳ ሲሮጥ ታይቷል። ብዙ ሰው አይቶታል። ምናለ ሲጠየቅ «ጋሪየን በሩ ላይ ስላቆምሁ መልካሙ በዱላ ሲያባርረኝ ነው የሮጥሁ» አለ። መልካሙ ሲጠየቅ «እኔ ከበሩ ንቅንቅ አላልሁም» አለ። ወደ ላይ የተላከው ሪፖርትም «በሩ በንቃት ይጠበቅ ነበር» ይላል። በንቃት በሚጠበቅ በር ቦምብ ሊገባ የሚችለው ውስጥ አዋቂ ሲኖር ነው ተባለ። ውስጥ አዋቂው ጋሪ ነጂው ሆነ።

ስብሰባው ለምሳ ሲበተን እማዋይሽ አያ አዛናው አጠገብ መጥታ ቁጢጥ አለች። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ አጣፍታለች፤ ለበለጠች ይሁን ለልጇ አይታወቅም።

«አያ አዛናው፣ ነገ መኪና መጥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም ሊወስደው ነው አሉ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ከዚያ ከገባማ መቼ ይወጣል? ሌላ ልጅ የለኝም። ፈረሱ እንኳ ሳር አልበላ ብሎ ቆሟል። ክርስትና ያነሡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«እና ምን ይላሉ?»

አያ አዛናው ዱላቸውን አዩ። «ይታየኝና» አሉ። ይህ ለእሳቸው ረጅም ንግግር ነው።

ከምሳ በኋላ ቢሆነኝ ሐሳብ አመጣ። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተከምሯል፤ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወራቱ ጠቁሯል። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገው እሱ ነበር። «ያባቶቻችን አውጫጭኝ ይደረግ» አለ።

ምሥጋና አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አስረዱት። አገር የተደበቀ ጥፋት ሲያጋጥመው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። አንድ ሰው ወፍ ተብሎ ይመረጣል። እያንዳንዱ እየሄደ የሚያውቀውን በወፉ ጆሮ ይነግራል። ወፉ ደግሞ በጉባኤ ቆሞ የሰማውን ያወራል፤ ማን እንደነገረው ግን አይናገርም። ወፉ ተናግሮ እስኪጨርስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

የምሥጋና ፊት በራ። «ይኼ እኮ አገር በቀል እውቀት ነው!» አለና ወደ ስልኩ ዞሮ ደገመው። «አገር በቀል እውቀትን ከዘመናዊ ጸጥታ ጋር አቀናጅተን እንሠራለን።» ከዚያም ነገሩ ይበልጥ እንዲጠብቅ ፈለገ። «ቄሱ ይገዝቱልን» አለ። «ወፉ የሰማውን ሳያስቀር እንዲናገር፣ ሌላውም እንዳያቋርጠው።»

ግዝቱን የጠየቀ እሱ ራሱ ነው። ይህ ኋላ ተረሳ።

ወፍ ማን ይሁን ሲባል ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወፍነትን የሚፈልግ የለም፤ አገር ሁሉ ምሥጢሩን አራግፎብህ ሲያበቃ ስለምታውቀው ይጠላሃል። አንዱ «አያ አዛናው ይሁኑ። እሳቸው እንደሁ ነገር አያበዙ» አለ። ሁሉም እሰየው አለ። እሳቸው የምናለ የክርስትና አባት መሆናቸውን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ምሥጋና ብቻ ነው፤ የነገረውም የለም። ከነገሩት ሌላ ሰው መፈለግ ሊኖርባቸው ነው፤ ሌላው ሰው ደግሞ እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቄስ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን አወጡ። አያ አዛናው የሰሙትን ሳይቀንሱ፣ ሳይጨምሩ፣ የነገራቸውንም ሰው ሳይጠሩ ሊናገሩ ማሉ። ከዚያ ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ወፍ ሲናገር ያቋረጠ፣ ድምፁን የከለከለ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ውግዝ ይሁን» አሉ።

«ይሁን» አለ ሕዝቡ። ምሥጋናም ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሁን» አለ።

ከዋርካው ወዲያ፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ ለአያ አዛናው የበርጩማ መቀመጫ ወጣላቸው። ሰው ተራ በተራ ይመጣ ጀመር።

የመጀመሪያው አንድ ገበሬ ነበር። ዙሪያውን አየና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። «ስለ ቦምቡ የማውቀው የለኝም። ድንበሬን የገፋው ሰው ግን ይታወቃል።»

«የተጠየቅነው ስለ ቦምብ ነው።»

«ድንበር የሚገፋ ሰው ቦምብ መወርወር ይከብደዋል ብለው ነው?» አለና የጎረቤቱን ስም ነገራቸው። ቀጥሎ ጎረቤቱ መጣ። እሱ የገበሬውን ስም ነገራቸው።

አንዲት ሴት ዶሮዋ በዚያው ቅዳሜ እንደጠፋች ተናገረች። የጠረጠረቻት ሴት አለች። «ቦምቡም ቅዳሜ፣ ዶሮየም ቅዳሜ» አለች። «እግዜር ያሳየዎ፣ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አለ?»

እህል ነጋዴው መጥቶ ባለ ባጃጆቹን ሁሉ ጠራ። ባለ ባጃጆቹ መጥተው እህል ነጋዴውን ጠሩ። አንድ ሽማግሌ «ይኸ የጸጥታ ኃላፊ የተባለው ልጅ ከመጣ ወዲህ ነው ጸጥታ የጠፋው፤ እስቲ እሱን ይዩት» አሉ። ሊቀ መንበሩን የጠሩ ብዙ ነበሩ። ሁሉም የጠሩት በማዳበሪያ ምክንያት ነው፤ ግን በማዳበሪያ ተጀምሮ ቦምብ ላይ ይደርሳል። ምናለን የጠሩም ነበሩ። «ሲሮጥ አይቻለሁ» ይላሉ። «ሲወረውርስ?» ሲሏቸው «ሲሮጥ ነው ያየሁ» ብለው ይሄዳሉ።

ሊቀ መንበሩ ቢሆነኝ ሲመጣ ሰማይ ሰማይ እያየ ነበር።

«አያ አዛናው፣ ምናለ ነው ይበሏቸውና እንገላገል። ጤፌ ሜዳ ላይ ነው።»

«አይተኸዋል?»

«ምኑን?»

«ሲወረውር።»

«ኧረ እኔ የት አውቄ! ያን ለት እቤቴ ተኝቼ ነው የዋልሁ። ግን አንድ ሰው መባሉ ይቀራል? የተያዘው ከተባለ ሌላ ሰው አይነካም። ለአገር ነው የምልዎ።»

አያ አዛናው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሆነኝ እሺታ መስሎት ደስ ብሎት ሄደ።

ንግሥቴ መጣች። ሌላው ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያንሾካሹክ እሷ ቆማ በሙሉ ድምጿ ተናገረች። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንነታረክ የበለጠችን ስም የጠራ የለም። በርበሬዋ አሁንም መሬት ላይ ፈስሶ አለ። እየረገጡት ነው ወደዚህ የመጡ።»

እማዋይሽም ተራዋ ደረሰ። መጣች፣ ከፊታቸው ቆመች፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ምንም ሳትናገር ተመልሳ ሄደች።

መልካሙ የመጣው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ጠመንጃውን ዋርካው ላይ አስደገፈና ተንበረከከ። ትንፋሹ አያ አዛናው ጆሮ ላይ ይመታል።

«አባቴ፣ የነገረዎን ሰው አይጠሩም አይደል?»

«ምያለሁ።»

«በመድኃኔ ዓለም?»

«በመድኃኔ ዓለም።»

«ልጁ እውነቱን ነው» አለ። «በዱላ ሳባርረው ነው የሮጠ። ጋሪ በር ላይ እንዳታስቆም፣ ካስቆምህ ከሥራ ትባረራለህ ተብዬ ነበር። እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተከተልሁት። ከኋላየ ሲፈነዳ ሰማሁ። በሩ ላይ ሰው አልነበረም። ይኸን ከተናገርሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ዝም ካልሁ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። እንዲያው ለሰው ልንገር ብዬ ነው። ለእርስዎ ብቻ።»

«እኔ እኮ ወፍ ነኝ» አሉ አያ አዛናው።

«አውቃለሁ። ለእርስዎ ብቻ» አለና ጠመንጃውን አንሥቶ ሄደ።

አያ አዛናው ብቻቸውን ቀሩ። ያን ጊዜ ነበር ወፍነቱ የከበዳቸው። የልጁ ነጻነት በእጃቸው ገብቷል። ቆመው «መልካሙ ነው የነገረኝ» ቢሉ ነገሩ ያልቃል፤ ግን መሐላው ይፈርሳል፤ ድሃውም ከእንጀራው ይነሣል። መልካሙን ሳይጠሩ ቢናገሩ ማን ያምናል? ከዚያ ሁሉ ስም መካከል አንዱ ወሬ ይሆናል። ምናለን የጠሩትን ወሬዎች ዝም ብለው ቢያልፏቸውስ? እሱም መሐላ ማፍረስ ነው። ከወዲህም ከወዲያም አሰቡት። ከዚያ መሐላውን ራሱን አሰቡት። ሳላስቀር ነው ያልሁ፤ እንግዲያ አላስቀርም አሉ በልባቸው።

ምሥጋና ዋርካውን ዞሮ መጣ። «አባቴ፣ ደክመዎታል። ስሙን ብቻ ይበሉና ይውረዱ። ዝርዝሩን እኛ እናጠራዋለን።»

«ሳላስቀር ነው የማልሁ።»

«እሱማ አዎ፤ ግን ዋና ዋናውን።»

«ዋናውን እኔ አላውቀውም ልጄ። እኔ የማውቀው የሰማሁትን ነው» አሉና ተነሡ።

ድምፅ ማጉያውን ሰጧቸው። የሚቀርጸው ልጅ ስልኩን አስተካከለ። አያ አዛናው በሕይወታቸው በዚያ ያህል ሕዝብ ፊት ቆመው አያውቁም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉና ጀመሩ።

«አንዱ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ ስለ ቦምቡ አላውቅም፣ ድንበሬን የገፋው ግን ጎረቤቴ ነው። አንዱ ደግሞ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ ድንበሬን የገፋው ጎረቤቴ ነው፣ ስለ ቦምቡም እሱን ጠይቁ።»

የሁለቱንም ስም ጠሩ። ሳቅ ተነሣ። እሳቸው አልሳቁም። ቀጠሉ። የዶሮዋን ነገር ተናገሩ፤ የተጠረጠረችውን ሴት ስም ጨምረው። ባለ ዶሮዋ «እሰይ!» ብላ ልትነሣ ስትል ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ፤ ተቀመጠች። ባለ ባጃጆቹን ተናገሩ። እህል ነጋዴውን ተናገሩ።

«አንዱ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ ይህ የጸጥታ ኃላፊ ከመጣ ወዲህ ነው ጸጥታ የጠፋው፤ እሱን እዩት።»

ምሥጋና ወደ ድምፅ ማጉያው እጁን ሰደደ። ቄስ ወልደ ሥላሴ «ልጄ፣ ግዝት አለ» አሉት። እጁን መለሰ። የሚቀርጸውን ልጅ በዓይኑ ጠቀሰው፤ ልጁ ግን ስልኩን ይበልጥ ቅረብ ማለቱ መስሎት ቀረበ።

«ብዙዎች እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦ ሊቀ መንበሩ ነው፤ የማዳበሪያውን ነገር ያየ ይህንንም ያያል። ሌሎችም እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦ ምናለ ነው፤ ሲሮጥ አይተነዋል። ሲወረውር ግን አላየንም።»

እማዋይሽ መሬቱን ጨበጠች። አያ አዛናው አይተዋታል፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም።

«አንዱ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ ምናለ ነው በሏቸውና እንገላገል፣ ጤፌ ሜዳ ላይ ነው። እኔ ግን አላየሁም፤ ያን ለት እቤቴ ተኝቼ ነው የዋልሁ። አንድ ሰው መባሉ ካልቀረ የተያዘው ይባል።»

አሁን የሳቀ የለም። ጤፉ ሜዳ ላይ ያልሆነ ሰው ስለሌለ ማን እንዳለው አልታወቀም። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ፊት ያያል። ቢሆነኝ ሰማዩን ያያል።

«አንዱ እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦ ልጁን በዱላ ሳባርረው ነው የሮጠ። እስከ ወፍጮ ቤቱ ተከተልሁት። ከኋላየ ሲፈነዳ ሰማሁ። በሩ ላይ ሰው አልነበረም።»

ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ዞረ። አያ አዛናው ማንንም አልጠሩም፤ በዓይናቸውም ወደዚያ አላዩም። ግን የገበያው በር አንድ ነው፤ ጠባቂውም አንድ ነው። መልካሙ የዋርካውን ቅጠል የሚቆጥር ይመስል ወደ ላይ አንጋጦ ቆመ።

«አንዲት እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦ ከጠዋት ጀምሮ የበለጠችን ስም የጠራ የለም። በርበሬዋ መሬት ላይ ፈስሶ ነው፤ እየረገጣችሁት መጣችሁ።» ብዙ ሰው ወደ እግሩ አየ። «አንዲት ደግሞ መጥታ ምንም ሳትናገር ሄደች። እሱንም ሰምቻለሁ። ይኸው ነው።»

ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ከዋርካው ሥር ወደነበረው ቦታቸው ሄደው ተቀመጡ።

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «በአውጫጭኝ ሥርዓት» አሉ «ወፍ የጠራው ሰው ሁሉ ራሱን እስኪያነጻ ይያዛል። አንዱን ይዞ አንዱን መተው የለም።»

ምሥጋና ዙሪያውን አየ። ያልተጠራ ሰው ቢፈለግ ቄሱና ዋርካው ብቻ ናቸው። እሱ ራሱ ተጠርቷል፤ ሊቀ መንበሩም ተጠርቷል። የቀበሌው ማሰሪያ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹም የዘር መጋዘን ነው።

«ወፍ የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ አይሆንም» አለ ምሥጋና።

«እንግዲያ በምናለም ላይ አይሆንም» አሉ ሽማግሌው።

«አንዳንዱ ግን...»

«የትኛው አንዳንዱ? እርስዎን የጠራው ወይስ ምናለን የጠራው?»

ምሥጋና ስልኩን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ፤ ሲያወራ ራሱን ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ሰው ጤፉን እያሰበ መቁነጥነጥ ያዘ፤ ወፉ ተናግሯል፣ ሥርዓቱ ካለቀ ልቀቁን ይላል። ከበሩ ጉዳይ ግን መውጫ አልተገኘም። በሩ ባዶ ነበር ከተባለ ወደ ላይ የተላከው ሪፖርት ውሸት ነው። በሩ ተጠብቆ ነበር ከተባለ ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ የሰማው፣ በቀጥታም የተላለፈው ነገር አለ።

መላውን ያገኘው ቢሆነኝ ነው። የሰው ጤፍ ሲረጥብ ጭንቅላቱ ይሠራል። «በሩ ባዶ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ጠባቂው በክትትል ላይ ነበር። ቦምቡ ከመፈንዳቱ በፊት የተጠረጠረ ሰው አይቶ ተከተለ። ይኸ ንቃት ነው።»

«የተከተለው እኮ ተጠርጣሪ አልነበረም ልንል ነው» አለ ምሥጋና።

«ያኔ ነበር። አሁን አይደለም።»

ምሥጋና አሰበበት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ተመለሰና አውጫጭኙ በስኬት መጠናቀቁን አበሠረ። ገበያው ዙሪያውን በቆርቆሮ ይታጠራል፣ ጋሪ ከአስፋልቱ ወዲያ ይቆማል፣ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ይፈተሻል ተባለ። ሚሊሻ መልካሙ ቦምቡ ከመፈንዳቱ በፊት ላሳየው ንቃት የምስጋና ወረቀት እንዲሰጠው ተወሰነ። ምናለ ደግሞ የሮጠበት ምክንያት በመታወቁ እንዲፈታ ተወሰነ። ሁለቱ ውሳኔ አንድ ላይ ተነበበ፤ ሕዝቡም ለሁለቱም አንድ ላይ አጨበጨበ። ስለ ወረወረው ሰው የተወሰነ ነገር አልነበረም። ቦምቡ ራሱ ተነሥቶ እንደ መጣ ሁሉ የወርዋሪው ነገር ሳይነሣ ሕዝቡን ዝናቡ በተነው።

ምናለ ሲወጣ እናቱ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ከዚያ ይዛው ወደ አያ አዛናው መጣች። ልጁ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«ተው» አሉት። «ሂድና ፈረስህን አብላ።»

እሳቸው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ወደ ገበያው ገቡ። ንግሥቴ ዝናቡ ሳያጥበው የበለጠችን በርበሬ በእጇ እየጠረገች በአቁማዳ ስትሰበስብ አገኟት። ዱላቸውን አስቀምጠው አብረዋት ቁጢጥ አሉ። አፈር የነካው ስለሆነ ለምንም አይሆንም። ቢሆንም ሰበሰቡት።

ከዚያ ወዲህ አያ አዛናው በመንገድ ሲያልፉ ሰው ተነሥቶ ሰላም ይላቸዋል፤ እስኪያልፉ ድረስም ወሬውን ያቆማል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚቀመጡበት ድንጋይ ዙሪያው ባዶ ሆኗል። አላስከፋቸውም። ድሮም ብቻቸውን ነው የሚቀመጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋቢያቸውን ለብሰው ገበያ ወጡ። ከአዲሱ ቆርቆሮ አጥር በር ላይ መልካሙ ቆሟል። የምስጋና ወረቀቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ከኋላው ተሰቅሏል። ምናለ ጋሪውን ከአስፋልቱ ወዲያ አቁሞ ከሩቅ እጁን አነሣላቸው።

«አባቴ፣ ይቅርታ፣ መፈተሽ አለብኝ» አለ መልካሙ።

እጃቸውን ዘረጉለት። መልካሙ ጋቢያቸውን እየዳበሰ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። የዚያን ቀኑ ትንፋሽ ነው።

«ያን የነገርሁዎን... ለሰው አላወሩም አይደል?»

አያ አዛናው አዩት። «ለአገር ሁሉ ነው ያወራሁ» አሉ። «አንተ መሆንህን ግን ለማንም አልተናገርሁም።»

መልካሙ በረጅሙ ተነፈሰ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ ከልቡ።

ያን ጊዜ ከአስፋልቱ በኩል አንድ ጋሪ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መልካሙ ዱላውን አንሥቶ አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመ፤ በሩን አየ፣ ጋሪውን አየ፣ አያ አዛናውን አየ። እሳቸውም ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆሙ።

«በል ሂድ» አሉት። «እስክትመለስ እኔ አለሁ።»